የአሜሪካ ወታደሮች የአስተያየት ጥናት (ሁለተኛው የዓለም ጦርነት)

የአሜሪካ ወታደሮች የአስተያየት ጥናት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት የአሜሪካ ጦር ሚኒስቴር የምርምር ክፍል ከ1941 እስከ 1945 እ.ኤ.አ. በራሱ ወታደሮች መካከል ያካሄደው ተከታታይ የመጠይቅ ሥራ ነው። ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ወታደሮች ስማቸውን ሳይጽፉ ስለ ምግብ፣ ስለ ልብስ፣ ስለ መኮንኖቻቸው፣ ስለ ውጊያ ፍርሃት፣ እንዲሁም ጦርነቱ ሲያበቃ ወደ ሲቪል ሕይወት ስለ መመለስ ተጠይቀዋል። ውጤቱ በ1949 እና በ1950 በአራት ቅጾች የታተመ ሲሆን የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቅጾች «የአሜሪካ ወታደር» በሚል ርዕስ ይታወቃሉ።

ይህ መጣጥፍ ይበልጥ የሚያተኩረው ወታደሮቹ ስለ መመለስ በነበራቸው ተስፋና ስጋት ላይ ነው። በመጣጥፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት፣ «ዓ.ም.» ከተባሉት በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መነሻ

አሜሪካ በ1940 የግዳጅ ምልመላ ስትጀምር ሠራዊቷ በአብዛኛው ከእርሻ፣ ከፋብሪካና ከሱቅ በመጡ ሰዎች ተሞላ። እነዚህ ሰዎች ወታደርነትን የዕድሜ ልክ ሙያ አድርገው የያዙ አልነበሩም። ምን እንደሚያስቡ ግን አለቆቻቸው የሚያውቁት ከጭምጭምታና ከመኮንኖች ሪፖርት ብቻ ነበር። በ1941 የጦር ሚኒስትሩ ሄንሪ ስቲምሰን ወታደሮችን ስም ሳያስጽፉ አስተያየት መጠየቅ የሠራዊትን ሥርዓት ይጎዳል ብለው ተቃውመው ነበር። በኋላ ግን የሞራል ጉዳይ ኃላፊ የሆኑት ጄኔራል ፍሬድሪክ ኦስቦርን የኤታማዦር ሹሙን የጄኔራል ጆርጅ ማርሻልን ድጋፍ በማግኘታቸው ሥራው ተጀመረ።

የጥናቱ ሳይንሳዊ መሪ ሳሙኤል ስታውፈር (1900–1960) ነበር። ስታውፈር በአዮዋ ግዛት የተወለደ፣ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረ የኅብረተሰብ ጥናት ምሁር ሲሆን ስታቲስቲክስን በሚገባ የሚያውቅ ሰው ነበር።

የመጀመሪያው መጠይቅ የተሞላው በታኅሣሥ 8 ቀን 1941 (ኅዳር 29 ቀን 1934 ዓ.ም.) በሰሜን ካሮላይና፣ ፎርት ብራግ በሰፈረው 9ኛው እግረኛ ክፍለ ጦር ውስጥ ነው። ቀኑ ጃፓን ፐርል ሃርበርን በደበደበች ማግስት ነበር፤ የቀኑ መገጣጠም ግን ታስቦበት የተደረገ አይደለም።

አሠራሩ

ናሙናው የሚመረጠው በጽሕፈት ቤት ውስጥ ነበር እንጂ ለሻለቃው ወይም ለሻምበሉ ምርጫ አይተውም ነበር። የተመረጡት ወታደሮች በመመገቢያ አዳራሽ ወይም ባገኙት ቤት በቡድን ይሰበሰባሉ። መኮንኖች እንዲገኙ አይፈቀድም። መጠይቁን የሚያድለው ራሱ ተራ ወታደር ሲሆን ማንም ስሙን እንዳይጽፍ፣ ወረቀቱም በቀጥታ ወደ ዋሽንግተን እንደሚሄድ ይነገራቸዋል። ማንበብና መጻፍ የማይችሉ ወታደሮች ለየብቻቸው በቃል ይጠየቁ ነበር። ሠራዊቱ በዘር ተለያይቶ ስለነበር ጥቁር ወታደሮችን እንዲጠይቁ ጥቁር ወታደሮች ይመደቡ ነበር፤ ጠያቂው ነጭ ሲሆን መልሱ እንደሚለወጥ ተመራማሪዎቹ ያውቁ ነበርና።

መልሶቹ ወደ ቁጥር ተቀይረው ባለ 80 ዓምድ የአይ ቢ ኤም ካርድ ላይ ይበሳሉ። ካርዶቹ በማሽን እየተለዩ ይቆጠራሉ። ዛሬ በአንድ ትንሽ ፕሮግራም በሰከንድ የሚሠራው ሠንጠረዥ ያን ጊዜ ካርዶቹን ደጋግሞ በማሽን ማሳለፍን ይጠይቅ ነበር። የጥያቄዎች ስብስብ በእርግጥ አንድን ዝንባሌ ብቻ ይለካ እንደሆነ ለማጣራት ሉዊ ጉትማን የተባለው ተመራማሪ የፈለሰፈው ዘዴ «የጉትማን መለኪያ» ተብሎ እስካሁን በትምህርት ቤት ይሰጣል። እሱና ባልደረቦቹ ይህን የሚሠሩት ኮምፒውተር ባልነበረበት ጊዜ በመሆኑ ተንቀሳቃሽ ዘንግ ባለው የእንጨት ሰሌዳ ላይ ትናንሽ የብረት ኳሶችን እየደረደሩ ነበር። የሰሌዳውን ዘንጎች ወደ ላይና ወደ ታች ማዘዋወር በዛሬ አነጋገር የአንድን ማትሪክስ ረድፎች በቅደም ተከተል መደርደር ማለት ነው።

ውጤቱ በመጽሐፍ እስኪወጣ አልተጠበቀም። ከ1943 መጨረሻ ጀምሮ «ወታደሩ ምን ያስባል» በሚል ርዕስ በሥዕልና በግራፍ የተዘጋጀ መጽሔት ለአዛዦች ይላክ ነበር። አዛዦች ረጅም ሪፖርት እንደማያነቡ ስለታወቀ ጽሑፉ አጭር፣ ግራፉ ትልቅ እንዲሆን ተደርጓል።

ስለ መመለስ የተጠየቁት

ከ1943 ጀምሮ፣ ጦርነቱ ገና ሳያልቅ፣ የምርምር ክፍሉ ከጦርነት በኋላ ስላለው ዕቅድ መጠየቅ ጀመረ። ወታደሩ ወደ ቀድሞ አሠሪው ይመለስ እንደሆነ፣ ሌላ ሥራ ይፈልግ እንደሆነ፣ እርሻ ወይም የራሱን ንግድ ይጀምር እንደሆነ፣ ትምህርት ቤት ይገባ እንደሆነ፣ ወደ ሌላ ግዛት ይሄድ እንደሆነ ይጠየቃል። የዚህን ክፍል ሥራ በተለይ ጆን ክላውሰን የተባለው ተመራማሪ መርቶታል።

አስቸጋሪው ነገር ምኞትን ከዕቅድ መለየት ነበር። በምሽግ ውስጥ የተቀመጠ ሰው «የራሴን ሱቅ እከፍታለሁ» ማለቱ ቀላል ነው፤ ሱቁ በአሳቡ ውስጥ ኪራይም ዕዳም የለበትም። ስለዚህ አንድ ጥያቄ ብቻ አልተጠየቀም። ሱቅ እከፍታለሁ ያለው ሰው ምን ዓይነት ንግድ እንደሆነ፣ የት እንደሚከፍት፣ ገንዘቡን ከየት እንደሚያገኝ፣ ከዚህ በፊት ሠርቶት ያውቅ እንደሆነ ይጠየቃል። መልሶቹ እርስ በርስ ካልተስማሙ «ቁርጥ ያለ ዕቅድ አለው» ተብሎ አይቆጠርም። በዚህ ወንፊት ውስጥ ያለፉት መጀመሪያ ላይ ሱቅ እከፍታለሁ ካሉት በእጅጉ ያነሱ ነበሩ።

ስጋት

በጦርነቱ ጊዜ አገር ቤት ያለው ሕዝብ የሚፈራው ሌላ፣ ወታደሩ የሚፈራው ሌላ ነበር። በአገር ቤት የተለመደው ስጋት መግደልን የለመደ ሰው ተመልሶ ሥርዓት ያፈርሳል የሚል ነበር። የኅብረተሰብ ጥናት ምሁሩ ዊላርድ ዋለር በ1944 ባሳተመው «የቀድሞው ወታደር ሲመለስ» በተባለው መጽሐፍ ከጦር ሜዳ የሚመለሰው ሰው በጥንቃቄ ካልተያዘ ለአገሩ አደጋ ሊሆን እንደሚችል አስጠንቅቆ ነበር።

የወታደሩ ስጋት ግን ከሁሉ በላይ ሥራ ነበር። ብዙዎቹ ያደጉት በ1930ዎቹ ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ጊዜ ነው፤ አባቶቻቸው ሥራ አጥተው ሲቀመጡ አይተዋል። ሠራዊቱ በአንድ ጊዜ ሲበተንና የጦር መሣሪያ ፋብሪካዎች ሲዘጉ ያ ዘመን ይመለሳል ብለው የሚሰጉ ብዙ ነበሩ። በ1932 የአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘማቾች ቃል የተገባላቸው ገንዘብ ቀድሞ እንዲከፈላቸው ለመጠየቅ በዋሽንግተን ሰፍረው ሳለ በጄኔራል ዳግላስ ማክአርተር በተመራ ጦር በጭስና በሰይፍ መባረራቸውም ገና አልተረሳም ነበር። መንግሥት ለዘማች የሚሰጠው ቃል ምን ያህል እንደሚጸና ለመጠራጠር ምክንያት ነበራቸው ማለት ይቻላል።

ከሥራ ቀጥሎ ያለው ስጋት ጊዜ ነበር። እነሱ ዓመታቸውን በጦር ሜዳ ሲያሳልፉ አገር ቤት የቀሩት እኩዮቻቸው ጥሩ ደመወዝ እያገኙ፣ ሙያ እየተማሩና በማዕረግ እያደጉ ነበር። ያገቡት ደግሞ ሳያዩት ስላደገው ልጃቸው፣ ስለተለያዩዋት ሚስታቸው ያስቡ ነበር።

ከውጊያ በኋላ ስለሚመጣ የአእምሮ ችግርም ተጠይቀዋል። የእንቅልፍ ማጣት፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠንና የመሳሰሉት ምልክቶች በመጠይቅ ተለክተዋል። ይህ ክፍል በኋላ ለሥነ ልቡና ምርመራ መጠይቆች መነሻ ከሆኑት አንዱ ነው።

ማን ቀድሞ ይመለስ? የነጥብ ሥርዓት

የጥናቱ ውጤት በሚሊዮኖች ሕይወት ላይ በቀጥታ የሠራው በዚህ ጥያቄ ላይ ነው። ጀርመን ስትሸነፍ ጃፓን ገና አልተሸነፈችም ነበርና ሠራዊቱ በከፊል ብቻ መበተን ነበረበት። ቀላሉ መንገድ ክፍለ ጦሮችን እንዳሉ ማሰናበት ነበር። ይህ ቢሆን ግን ትናንት የገባ ምልምል ሦስት ዓመት ከተዋጋው ሰው እኩል ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር፤ በሌላ ክፍል ያለው ነባር ዘማች ደግሞ ይቀራል።

የምርምር ክፍሉ በተለያዩ የጦር ግንባሮች ያሉ ወታደሮችን ማን ቅድሚያ ሊሰጠው እንደሚገባ ጠየቀ። ሁለት ሰዎችን እያነጻጸረ ያቀርብላቸው ነበር፦ ለምሳሌ ልጆች ያሉት ነገር ግን ባሕር ማዶ ያልሄደ ሰውና ልጅ የሌለው ነገር ግን በውጊያ የቆየ ሰው፤ ማን ይቅደም? ከመልሶቹ አራት ነገሮች ተለይተው ወጡ፦ የአገልግሎት ዘመን፣ ባሕር ማዶ የቆዩበት ጊዜ፣ ውጊያና የልጆች አባት መሆን። በዚሁ መሠረት የተዘጋጀው የነጥብ ሥርዓት በመስከረም 1944 ይፋ ሆነ። ለእያንዳንዱ የአገልግሎት ወር 1 ነጥብ፣ ለእያንዳንዱ የባሕር ማዶ ወር ተጨማሪ 1 ነጥብ፣ ለእያንዳንዱ የዘመቻ ኮከብ ወይም ሜዳይ 5 ነጥብ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ እስከ ሦስት ልጆች ድረስ 12 ነጥብ ይሰጣል። በግንቦት 1945 ለመሰናበት የሚያስፈልገው 85 ነጥብ ነበር።

ለምሳሌ 36 ወር ያገለገለ፣ ከዚያ ውስጥ 20 ወር ባሕር ማዶ የነበረ፣ ሁለት የዘመቻ ኮከብ ያገኘና አንድ ልጅ ያለው ወታደር 36 + 20 + 10 + 12 = 78 ነጥብ ይኖረዋል። ይህ ሰው ሌላ አንድ ልጅ ቢኖረው ነጥቡ 90 ደርሶ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር።

በኋላ የተደረጉ መጠይቆች እንዳሳዩት ወታደሮቹ የሥርዓቱን መርሕ በብዛት ተቀብለውታል፤ ቅሬታቸው አፈጻጸሙ ላይ ነበር። መርከብ አይበቃም፤ ነጥቡን የሞላው ሰው ወረቀቱ እስኪያልቅ ይጠብቃል። ጃፓን ከተሸነፈች በኋላ ትዕግሥቱ እያለቀ ሄዶ በጥር 1946 በማኒላና በሌሎች ቦታዎች በሺዎች የሚቆጠሩ ወታደሮች «ወደ ቤታችን መልሱን» ብለው ሰልፍ ወጡ። ሥርዓቱ ባይኖር ኖሮ ሰልፉ ቀደም ብሎ ይመጣ ነበር ብለው የሚከራከሩ አሉ።

ትምህርት ለሚፈልጉ፦ የተገመተውና የሆነው

ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት በሰኔ 22 ቀን 1944 (ሰኔ 15 ቀን 1936 ዓ.ም.) «ጂ አይ ቢል» ተብሎ የሚታወቀውን የዘማቾች ሕግ ፈረሙ። ሕጉ ለትምህርት በዓመት እስከ 500 ዶላር ይከፍላል፤ በዚያ ላይ ላላገባ በወር 50፣ ቤተሰብ ላለው 75 ዶላር መተዳደሪያ ይሰጣል። ሥራ ላጣ ደግሞ በሳምንት 20 ዶላር እስከ 52 ሳምንት ድረስ ይከፈላል። ለቤት፣ ለእርሻና ለንግድ የሚወሰድ ብድርም መንግሥት ዋስ ይሆናል።

ከመጠይቆቹ የተገኘው ግምት ሙሉ ጊዜውን ወደ ትምህርት የሚመለሰው ጥቂቱ ክፍል ብቻ ነው የሚል ነበር። ይህን የሚያቅዱት በተለይ ወጣቶች፣ ያላገቡና ከመዝመታቸው በፊት ሁለተኛ ደረጃን የጨረሱ ነበሩ። የሆነው ግን ከዚያ በለጠ። ወደ 2.2 ሚሊዮን የሚጠጉ ዘማቾች በሕጉ አማካይነት ኮሌጅና ዩኒቨርሲቲ ገቡ፤ 5.6 ሚሊዮን ያህሉ ደግሞ ሌላ ዓይነት ሥልጠና ወሰዱ። በ1947 በአሜሪካ ኮሌጆች ከተመዘገቡት ተማሪዎች ግማሽ ያህሉ የቀድሞ ወታደሮች ነበሩ።

መጠይቁ ለምን አነሰ? ወታደሩ ዋሽቶ አልነበረም። ዕቅድ የሚወጣው በሚታወቅ ሁኔታ ላይ ተመሥርቶ ነው፤ ሁኔታው ግን ተለወጠ። የመጀመሪያው ሕግ ሲዘምት ከ25 ዓመት በላይ የነበረ ሰው ትምህርቱ በጦርነቱ መቋረጡን እንዲያስረዳ ያስገድድ ነበር። በታኅሣሥ 1945 የወጣው ማሻሻያ ይህን ገደብ አንስቶ ወርኃዊውን መተዳደሪያም ወደ 65 እና 90 ዶላር ከፍ አደረገው። ሕጉን በዝርዝር የማያውቅ፣ ከቤተሰቡ ማንም ኮሌጅ ገብቶ የማያውቅ ወታደር በ1944 «ትምህርት እገባለሁ» ብሎ እንዲመልስ መጠበቅ አይቻልም ነበር። ክላውሰን በአራተኛው ቅጽ ውስጥ የተሰናበቱ ወታደሮችን በፖስታ እንደገና በመጠየቅ ዕቅዳቸውን ከሆነው ጋር አነጻጽሯል። የራሱን ትንበያ እንዲህ በይፋ የመረመረ ጥናት በዚያ ዘመን ብርቅ ነበር።

ጥቁር ወታደሮች

መጠይቆቹ ጥቁር ወታደሮችንም በሰፊው አካትተዋል። ከተገኙት ነገሮች አንዱ ብዙዎቹ ከጦርነቱ በኋላ ለራሳቸውና ለወገናቸው የተሻለ መብትና ኑሮ እንደሚጠብቁ ነው። በደቡብ ግዛቶች ተወልደው ከጦርነቱ በኋላ ወደ ሌላ ቦታ ለመሄድ ያሰቡም ጥቂት አልነበሩም።

ይህ ተስፋ ከሕጉ አፈጻጸም ጋር ተጋጨ። ጂ አይ ቢል በጽሑፉ ዘር አይለይም፤ ብድሩን የሚሰጡት ግን የአካባቢ ባንኮች፣ ሥራ የሚያስቀጥሩት የአካባቢ ጽሕፈት ቤቶች፣ ተማሪ የሚቀበሉት በዘር የተለያዩ ኮሌጆች ነበሩ። በ1947 በሚሲሲፒ ግዛት 13 ከተሞች በዋስትና ከተሰጡት 3,229 የቤት፣ የእርሻና የንግድ ብድሮች ውስጥ ለጥቁር ዘማቾች የደረሱት 2 ብቻ ነበሩ።

ኅትመትና ትችት

አራቱ ቅጾች በካርኔጊ ኮርፖሬሽን ገንዘብ ተዘጋጅተው በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ወጡ። ከመጽሐፉ ከወጡት አሳቦች ሁሉ የገነነው «አንጻራዊ እጦት» ነው፦ ሰው የሚከፋው ባጣው ነገር መጠን ብቻ ሳይሆን ራሱን ከማን ጋር እንደሚያወዳድር ጭምር ነው። በአየር ኃይል ማዕረግ በፍጥነት ይሰጥ ነበር፤ በወታደራዊ ፖሊስ ደግሞ በዝግታ። ስለ ዕድገት ዕድል ይበልጥ የሚያማርሩት ግን የአየር ኃይሎቹ ነበሩ፤ ጎረቤታቸው ሁሉ ሲሾም ያያሉና።

ሁሉም አላመሰገነም። የታሪክ ምሁሩ አርተር ሽሌሲንገር ታናሹ መጽሐፉን በጽኑ ከነቀፉት አንዱ ነው። ሌሎችም «ሁሉም ሰው የሚያውቀውን በቁጥር መናገር ነው» አሉ። ለዚህ ፖል ላዛርስፌልድ በ1949 የሰጠው መልስ ከመጽሐፉ ባልተናነሰ ይታወሳል። ከጥናቱ የተገኙ የሚመስሉ ስድስት ውጤቶችን ዘረዘረ፤ ለእያንዳንዱም «ይህማ ግልጽ ነው» የሚያሰኝ ምክንያት ሰጠ። አንዱ ወታደሮች ወደ አገር ቤት ለመመለስ ይበልጥ የሚጓጉት ውጊያው እየተካሄደ ሳለ እንጂ ጀርመን ከተሸነፈች በኋላ አይደለም የሚል ነበር፤ ሞትን የሚፈራ ሰው መሸሹ አይደንቅምና። ከዚያ ላዛርስፌልድ ስድስቱም ውጤቶች ጥናቱ ካገኘው ተቃራኒ መሆናቸውን ገለጸ። በእርግጥም የመመለስ ጉጉቱ የበረታው ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ነበር።

በእጅ የተጻፉት ገጾች

በብዙዎቹ መጠይቆች መጨረሻ ወታደሩ የፈለገውን የሚጽፍበት ባዶ ቦታ ነበር። ይህ ወደ ካርድ የሚበሳ አልነበረምና አብዛኛው በመጽሐፉ ውስጥ አልገባም። ወረቀቶቹ በማይክሮፊልም ተቀድተው በአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ለአሥርት ዓመታት ተቀምጠዋል፤ ወደ 65,000 ገጽ ይሆናሉ። ስለ መኮንኖች ልዩ መብት፣ ስለ ምግቡ፣ ስለ ደብዳቤ መዘግየት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ መቼ ወደ ቤት እንደሚሄዱ ጽፈዋል። አንዳንዱ ሁለት መስመር፣ አንዳንዱ የወረቀቱን ጀርባ እስኪሞላ።

በቨርጂኒያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ የሚመራ ፕሮጀክት ገጾቹን ዲጂታል አድርጎ ከ2018 ጀምሮ ዙኒቨርስ በተባለው መድረክ ላይ ለበጎ ፈቃደኞች አቀረበ። በእርሳስ የተጻፈን የደበዘዘ የእጅ ጽሑፍ ከማይክሮፊልም ላይ ማንበብ ለኮምፒውተር አስቸጋሪ በመሆኑ ሥራውን ሰዎች በፊደል ገልብጠዋል። በ2021 ጽሑፎቹ ከቁጥራዊው መረጃ ጋር ለማንኛውም ሰው በነጻ ተከፍተዋል። በዚህም ስሙን እንዳይጽፍ የተነገረው ወታደር በራሱ ቃል የጻፈውና በካርዱ ላይ የተበሳው መልስ ጎን ለጎን መነበብ ችለዋል።

በኢትዮጵያ

ተመሳሳይ ጥያቄ በኢትዮጵያም ተጠንቷል፤ አካሄዱ ግን ይለያል። የደርግ መንግሥት በ1983 ዓ.ም. ሲወድቅ ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሠራዊት ተበተነ፤ የቀድሞ ወታደሮችንና የጦር ጉዳተኞችን የሚያቋቁም ኮሚሽንም ተመሠረተ። እስቴፋን ዴርኮንና ዳንኤል አያሌው በ1998 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት እነዚህ ሰዎች የት ደረሱ ብለው በቤተሰብ መጠይቅ መረጃ ተንትነዋል። የተጠየቁት ከተመለሱ በኋላ በመሆኑ ጥናቱ የሚያሳየው ኑሯቸውን እንጂ ከመሰናበታቸው በፊት የነበራቸውን ዕቅድ አይደለም። ሁኔታውም ሌላ ነበር፦ የአሜሪካው ወታደር አሸናፊ ሆኖ በሕግ የተወሰነ ጥቅም ይዞ ሲመለስ፣ የኢትዮጵያው ከተሸነፈ ሠራዊት ወጥቶ ብዙውን ጊዜ ወደ ገጠር ነበር የተመለሰው፤ በዚያም ትልቁ ጥያቄ መሬትና በሬ ነበር።